«ዘንድሮ ጾሙን ባንፈታውስ?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው የማይተዋወቁና በተለያየ ቦታ የሚኖሩ ቢሆኑም፣ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ ልጆቻችን ስለምንበላቸውና ለመዝናናት ብለን ስለምናያቸው እንስሳት ሲጠይቁን ምን እንመልስላቸው? የዓምዱ አዘጋጅ በሙያዬ የእንስሳት ሐኪም፣ በቤቴ ደግሞ የሦስት ልጆች አባት ስለሆንኩ ጉዳዩን በሁለቱም በኩል ለማየት ሞክሬአለሁ።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ የፋሲካውን በግ ዋጋው ሳይወደድ ብሎ ከበዓሉ አምስት ቀን ቀደም አድርጎ ገዛና ከግቢው የብረት አጥር ላይ አሰረው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ወደ በጉ ትሮጥ ነበር፤ ውኃ ታጠጣዋለች፣ የጎመን ቅጠል ታበላዋለች፣ ስምም አውጥታለት ነበር። ቅዳሜ ማታ ለቅዳሴ ስንዘጋጅ እንባ እየተናነቃት «እማዬ፣ ዘንድሮ ጾሙን ባንፈታውስ?» አለችኝ። ባለቤቴ ሳቀ፤ አማቴ ግን «ልጅቷን ፈረንጅ አደረጋችኋት» ብለው ተቆጡ። በጉ ታረደ፤ ልጄም ከዚያ ቀን ጀምሮ የበግም ሆነ የዶሮ ሥጋ አልቀመሰችም። እውነቱን ለመናገር ነገሩ እኔንም ከንክኖኛል። በዋዜማው ዶሮዎቹ እግራቸውን ታስረው፣ ቁልቁል ተንጠልጥለው በር ላይ ሲደርሱ ሳይ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼው ያላስተዋልኩትን ነገር ያየሁ ያህል ተሰማኝ። ልጄን ብዪ ልበላት ወይስ ልተዋት? ስለ በጉስ ምን ልንገራት?

መልስ፦ ከአማትዎ ቁጣ ልጀምር። ለእንስሳ መራራት ከውጭ የገባ ጠባይ ነው የሚለው አስተያየት በብዙ ቤት የሚሰማ ቢሆንም የገዛ ባህላችንን የሚያሳንስ ነው። ገበሬያችን በሬውን ቦራ፣ ጉራች፣ ዳማ እያለ በስሙ እየጠራ ያርሳል፤ ሲታመምበት እንደ ቤተሰቡ ያዝንለታል። እህል ሲያበራይ የበሬው አፍ እንዳይታሰር የሚያዘው ሕግ በኦሪት የተጻፈ ነው፤ ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል የሚለውም ከመጽሐፈ ምሳሌ የመጣ ነው። በእስልምናም ቢላዋው አስቀድሞ እንዲሳል፣ ነገር ግን በእንስሳው ፊት እንዳይሳል፣ አንዱም ሌላው እያየ እንዳይታረድ የሚያዝ ሥርዓት አለ። ስለዚህ ልጅዎ በጉን በስም መጥራቷ ከአያት ቅድመ አያቶቿ አያርቃትም። ከእነርሱ የሚለያት እነርሱ ዓመቱን ሙሉ ከከብቶቻቸው ጋር ሲኖሩ እርሷ በግ የምታውቀው በዓመት ለአምስት ቀን ብቻ መሆኑ ነው። የገጠር ልጅ ግልገሉ ሲወለድ አይቶ፣ ሲያግደው አድጎ፣ ሲሸጥም ሲታረድም አብሮ ይኖራል፤ መውደዱና ማጣቱ በዓመታት ላይ ይከፋፈልለታል። የከተማ ልጅ ግን ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ እንድትሸከም እናደርጋታለን፤ ከዚያም ስታለቅስ እንገረማለን።

ጾሙን አለመፍታት ያለችውም የሚያስቅ ነገር አይደለም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በእነዚያ ቀናት ቤታችሁ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ከርሟል፤ ማንም ሲራብ አላየችም። ረቡዕና ዓርቡ፣ ፍልሰታው፣ የነቢያት ጾሙ ሲደመር አንድ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ገደማ ከእንስሳት ተዋጽኦ ተከልክሎ ይኖራል። እንግዲህ ልጅቷ ከሌላ ከየትም ሳይሆን ከገዛ ማዕዳችሁ የተማረችውን ነው መልሳ የጠየቀቻችሁ። የቤተ ክርስቲያን ጾም ዓላማው የሥጋን ፍላጎት ማድከምና ለነፍስ ማስገዛት እንጂ ሥጋ መብላትን ኃጢአት ማድረግ እንዳልሆነ ሊነግሯት ይገባል፤ ያንን ሲነግሯት ግን ጥያቄዋን እንዳይቀብሩባት ይጠንቀቁ። ለእርሷ ጾሙ ማንም ሳይታረድ መብላት እንደሚቻል ያሳየ ወቅት ነበር፤ ይህም እውነት ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። እንድትበላ አያስገድዷት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሌላው ምግቧ እስከተሟላ ድረስ፣ ሥጋ ብትተው የሚደርስባት ጉዳት የለም፤ እንቁላልና ወተት እስካልተወች ድረስ ደግሞ ጭንቀትዎ በጣም ሊቀንስ ይገባል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ሲፈራረቁ ፕሮቲኑም ብረቱም ይገኛል፤ ብረቱን ሰውነቷ በደንብ እንዲወስደው ቲማቲም ወይም ሎሚ ከምግቡ ጋር ይጨምሩላት፣ ሻይውን ግን ከምግብ ሰዓት ያርቁት። እንቁላሉንና ወተቱንም ልተው ካለች ግን ጉዳዩ ይለወጣል። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ንጥረ ነገር ከአትክልትና ከጥራጥሬ አይገኝም፤ እጥረቱም ቀስ ብሎ ደምንና ነርቭን ስለሚጎዳ ያን ጊዜ የሕፃናት ሐኪም ማማከር ግዴታ ነው። ይህንን ለእርሷም ይንገሯት፤ ለእንስሳ ማሰብ ራስን ከመንከባከብ ጋር አብሮ እንደሚሄድ ቢገባት መልካም ነው።

በጉን በተመለከተ፣ እርስዎ ባይጠይቁኝም፣ እኔ የምጨነቀው ከመታረዱ ይልቅ ስለ አምስቱ ቀናት ነው። በግ የመንጋ እንስሳ ነው። ለብቻው ሲታሰር ቀን ከሌት የሚጮኸው ርቦት ብቻ አይደለም፤ ብቸኝነት ለእርሱ የአደጋ ምልክት ስለሆነ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ አራት እግሩን አስረን በመኪና ጣሪያ ላይ ጭነን፣ ከዚያ በአጭር ገመድ ፀሐይ ላይ አቁመን፣ በመጨረሻም በጸጉሩ እየጎተትን ወደ መታረጃው እንወስደዋለን። ጸጉሩ ሲጎተት ቆዳው ሥር ያለው ሥጋ ይቆስላል፤ በግ ሲያዝ አንድ እጅ ከአገጩ ሥር፣ ሌላው ከኋላው ሆኖ ነው መገፋት ያለበት። ይህ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ ለረጅም ሰዓት የተሸበረ እንስሳ በጡንቻው ውስጥ ያከማቸውን ስኳር ጨርሶ ስለሚታረድ ሥጋው በሚገባ አይበስልም፣ ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ባለቤትዎ በጥሩ ዋጋ የገዙት በግ ግማሽ ጥራቱን አጥር ላይ ታስሮ ሳለ አጥቶት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሚቀጥለውን በዓል በተመለከተ የምመክረው ይህ ነው። በጉን በዋዜማው ይግዙ፤ ቀደም ብሎ መግዛት ግድ ከሆነ ከጎረቤት በግ ጋር ጥላ ሥር አብረው ይታሰሩ፣ ገመዳቸውም ለመተኛትና ለመዞር የሚበቃ ይሁን። ከመታረዱ በፊት በነበረው ሌሊት ምግቡ ቢቀር ይሻላል፤ ውኃው ግን እስከ መጨረሻው አይከልከል። አራጁ የሚያውቅ ሰው፣ ቢላዋውም ረጅምና የተሳለ ይሁን፤ ሁለቱ ዋና ዋና የአንገት ደም ሥሮች በአንድ ጊዜ ሲቆረጡ በግ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ቢላዋው ደነዝ ሲሆንና እጁ ሲያመነታ ግን ጭንቁ ይረዝማል። በኮንዶሚኒየም ግቢ አምስት በጎች ተሰልፈው ተራ በተራ፣ አንዱ የአንዱን ደም እያሸተተ ሲታረዱ አይቻለሁ፤ አንዱን ከግድግዳ ጀርባ ለመውሰድ ሁለት ደቂቃ ባልፈጀም ነበር።

ዶሮዎቹን ቁልቁል ሲያዩ የተሰማዎት ስሜት ትክክለኛ ነው፤ ምክንያቱን ልንገርዎት። እኛ ደረታችንንና ሆዳችንን የሚለይ ጡንቻ አለን፤ ዶሮ ግን ያ የላትም፤ ስለዚህ ስትዘቀዘቅ የሆዷ ዕቃ በሙሉ በመተንፈሻዋ ላይ ይወድቃል። ዝም የምትለውም ተመችቷት አይደለም። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ በበዓል ሰሞን በአንድ እጄ ሦስት ዶሮ አንጠልጥዬ ረጅም መንገድ በእግሬ ሄጃለሁ፤ ይህንን ከመጽሐፍ ተምሬው እንኳ እጄ የለመደውን ቶሎ አልተወም። ቀዳዳ ያለው ካርቶን ወይም ቅርጫት ይበቃል፤ ያም ካልተገኘ ክንፎቿን ይዞ በክንድ ማቀፍ ነው። ይህንን ሥራ ለልጅዎ ይስጧት። ዶሮ ገበያ ይዘዋት ይሂዱና ካርቶኑን እርሷ ትያዝ። ሥጋውን ባትበላም እንኳ በቤቷ የሚገባው እንስሳ እንዴት እንደሚገባ የመወሰን ድርሻ ይኖራታል።

እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝ አገር በፕሮፌሰር ብራምቤል የሚመራ የመንግሥት ኮሚቴ ለእርባታ እንስሳት አንድ ቀላል መለኪያ አስቀምጦ ነበር፤ እንስሳው ቢያንስ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ራሱን ማጽዳትና እግሩን መዘርጋት ይቻለው የሚል። ትንሽ ነገር ይመስላል። የአማትዎ እናት ያረቧቸው ዶሮዎች ግን እነዚህን ሁሉ ከነትርፉ ያገኙ ነበር፤ አፈር ይጭራሉ፣ በአቧራ ይታጠባሉ፣ ማታ ቆጥ ላይ ይወጣሉ። ዛሬ በሽቦ ኬጅ የሚረቡት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ከአምስቱ አብዛኛውን አያገኙም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የተለመደው፣ ቆጥም እንቁላል መጣያም የሌለው ባዶ ኬጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ከመከልከሉ በፊት ለአንዲት ዶሮ የሚፈቀደው ቦታ 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ያነሰ ነበር። በእኛም ከተሞች ዙሪያ ኬጅ እየገባ ነው። እንግዲህ ለበዓሉ በግ ያለቀሰች ልጅ፣ በየቀኑ ጠዋት ከምትበላው እንቁላል ጀርባ ያለውን ኑሮ ብታውቅ የቱን አብልጣ እንደምታዝን አላውቅም። እንቁላል የምትገዙበትን ሰው ዶሮዎቹን የት እንደሚያኖር ጠይቁት፤ ወለል ላይ በጭድ የሚያረባ ካገኛችሁ፣ ጥቂት ሳንቲም ቢጨምርም፣ ከእርሱ ግዙ።

ለልጅዎ የሚነገረውን በተመለከተ፣ «ወደ ገጠር ተመለሰ» የመሰለ ነገር በፍጹም አይንገሯት፤ አንድ ቀን እውነቱን ታውቀዋለች፣ ያን ቀን የምታጣው በጉን ብቻ አይሆንም። እኔ ለራሴ ልጅ ያልኩትን ልጻፍልዎት፦ «በጉ የታረደው ለምግባችን ነው። አንቺ ስለወደድሽው ጥፋት አላጠፋሽም፤ እኛም ስለበላን አንጠላውም። መብላት ካልፈለግሽ ማንም አያስገድድሽም፤ አንቺም ታናሽ ወንድምሽ ሲበላ አትስደቢው።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አይርሷት። በማዕድ ዙሪያ ሰላም የሚኖረው ለእርሷ የተሰጠው ነፃነት ለአያቷም ሲሰጥ ነው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ነው። በየዓመቱ ለገናና ለፋሲካ ከጓደኞቼ ጋር ከከተማ ወጥተን ከገበሬ በግ ወይም ፍየል እንገዛና እዚያው ታርዶ ሥጋውን ተከፋፍለን እንመለሳለን። ዘንድሮ የ13 ዓመት ልጄን ይዤው ሄድኩ። በመንገድ ላይ ሲመለስ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ቤት ስንገባ ግን «ይህ ጭካኔ ነው፤ እንደ ሰው ከሱፐርማርኬት ግዛ» አለኝ። ባለቤቴም ደገፈችው። ይኸው ልጅ ግን በሳምንት ሦስት ቀን የተጠበሰ የዶሮ ክንፍ ይበላል። ከሁለታችን ማን ነው ትክክል? በእንቁላል ካርቶን ላይ የሚጻፉት ቃላትም ግራ አጋብተውኛል።

መልስ፦ ልጅዎ ያየውን ነገር ጭካኔ ነው ማለቱ አይገርምም፤ ስሕተቱ ያላየውን ነገር የዋህነት አድርጎ መቁጠሩ ነው። የገበሬው በግ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ ሣር ላይ አድጓል፣ ከመንጋው ጋር ኖሯል፣ ወደ መታረጃውም ረጅም መንገድ በመኪና አልተጫነም። ክንፉ የተጠበሰው ዶሮ ግን ክብደቱ በፍጥነት እንዲጨምር ተመርጦ የተዳቀለ ዝርያ ነው፤ በሺዎች ከሚቆጠሩ መሰሎቹ ጋር በአንድ ቤት ውስጥ አድጎ በስድስትና በሰባት ሳምንት ዕድሜው ይታረዳል፤ ብዙዎቹ በዚያ ዕድሜ የገዛ ክብደታቸው እግራቸውን ያሳምማቸዋል። እንስሳት ከመታረዳቸው በፊት ሕመም እንዳይሰማቸው እንዲደነዝዙ የሚያዘው የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲወጣ ከብትን፣ በግንና አሳማን ይመለከት ነበር፤ ዶሮ ግን ያን ጊዜም ዛሬም በዚያ ሕግ ውስጥ የለችም። በሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸም እርድም በሕጉ የታወቀ ነው።

አንድ ስሌት ልስጥዎትና ከልጅዎ ጋር በማዕድ ላይ ያስሉት። እናቶቻችን አንዲት ዶሮ ወደ 12 ብልት አውጥተው፣ እንግዳ ሲጨመር እንቁላሉን አብዝተው፣ ቤተሰቡን በሙሉ ያበሉባት ነበር። በምግብ ቤት የሚቀርበው ክንፍ ደግሞ እያንዳንዱ ለሁለት ተከፍሎ ስለሚጠበስ አንዲት ዶሮ አራት ቁራጭ ታወጣለች። ስለዚህ ልጅዎ ብቻውን የሚጨርሰው 12 ቁራጭ ያለው ሳህን የሦስት ዶሮ ክንፍ ነው። የተቀረው ሥጋ ሌላ ቦታ ይበላል፣ አይጣልም፤ ይህ እውነት ነው። ቢሆንም «12» የሚለው ቁጥር በአያቱ ቤትና በእርሱ ሳህን ላይ ያለው ልዩነት ከብዙ ክርክር ይልቅ ያስተምረዋል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስል እርስዎን ነፃ እያወጣሁዎት አይደለም። ልጁን ምን እንደሚያይ ሳይነግሩት ወስደው ከሆነ፣ ጓደኞችዎም «ወንድ ሁን» እያሉ ስቀውበት ከሆነ፣ የመንገዱ ዝምታ የመጣው ከበጉ ብቻ ላይሆን ይችላል። አራጁስ ማን ነበር? በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ቢላዋ የሚጨብጥ፣ ከዚያም በፊት ሁለት ጠርሙስ ቢራ የጠጣ ወዳጅ ከሆነ ልጅዎ ያየው ጭካኔ በትክክል ጭካኔ ነበር። ይህንን ለእርሱ ማመን አባትነትዎን አይቀንሰውም።

ስለ ካርቶኑ ጽሑፍ በአጭሩ፦ «ኬጅ ፍሪ» የሚለው ዶሮዋ በሽቦ ኬጅ አልኖረችም ማለት እንጂ ከቤት ውጭ ወጥታለች ማለት አይደለም፤ «ፍሪ ሬንጅ» የሚለው ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር አላት የሚል ነው፤ ምን ያህሉ እንደሚወጡ ግን ቃሉ አይናገርም። «ናቹራል» የሚለው በሥጋው ላይ ሰው ሠራሽ ነገር እንዳልተጨመረ እንጂ እንስሳው እንዴት እንደኖረ አይገልጽም። በዶሮ ሥጋ ላይ «ሆርሞን አልተሰጣትም» የሚለውን አይተው ገንዘብ አይጨምሩ፤ ለዶሮ ሆርሞን መስጠት በአገሩ ሕግ ለማንም የተከለከለ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ያን ገበሬ ያውቁታል፤ በግ የሚያረባ ሰው ብዙ ጊዜ ዶሮም አያጣም፣ እንቁላሉንም ከእርሱ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለልደቱ አንበሳ ማየት እፈልጋለሁ ይላል። እኔ በልጅነቴ አባቴ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ወስዶኝ የሰማሁት ግሣት እስካሁን በጆሮዬ አለ። ባለቤቴ ግን ታጥሮ የሚኖር እንስሳ ማየት ምን ያስተምረዋል ትላለች። እኅቴ በበኩሏ ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ መዝናኛ ስፍራ በሰንሰለት የታሰረች ጦጣ አለች፣ ልጆች ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ፎቶ ይነሣሉ፣ እዚያ እናክብርለት ብላለች። የቱን እንምረጥ?

መልስ፦ ጦጣዋን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አይሂዱ። የጦጣ ግልገል በሰው እጅ የምትገባው አብዛኛውን ጊዜ እናቷ ተገድላ ነው፤ ጦጣ እናቷ ላይ ተጣብቃ የምታድግ፣ በቡድን የምትኖር እንስሳ ናትና ሰንሰለቱ ከሚያሳምማት ይልቅ ብቸኝነቱ ይጎዳታል። ከዚያም በላይ ትነክሳለች፣ የእብድ ውሻ በሽታንም ልታስተላልፍ ትችላለች፤ የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ደግሞ ለአፏ ቅርብ ነው። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በአገራችን ክልክል ነው፤ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም ጥቆማ ይቀበላል። እንስሳትን ማሠቃየትም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ የደንብ መተላለፍ ነው። በዚህ መንገድ ተይዘው የተገኙ አንበሶች፣ አቦ ሸማኔዎችና ጦጣዎች ወደ ሆለታ አቅራቢያ ወዳለው እንሰሳ ኮቴ ወደተባለው የማገገሚያ ማዕከል ይወሰዳሉ። ወደ ዓረብ አገሮች ለቤት ማጌጫ ተብለው በድብቅ የሚወጡት የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ታሪክም ከዚህች ጦጣ ታሪክ የተለየ አይደለም፤ ሁለቱም የሚጀምሩት ፎቶ ከሚፈልግ ሰው ነው።

የአንበሳው ጉዳይ ግን እንዲህ አይቆረጥም። የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1948 በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሲቋቋም ዓላማው አንበሳውን ማስደሰት አልነበረም፤ የሲሚንቶው ወለልና የብረቱ ፍርግርግ የዚያ ዘመን አስተሳሰብ ናቸው። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የዚያን ግቢ 15 አንበሶች ዘረመል መርምሮ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። እነዚያ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች በአጥር ውስጥ ባይጠበቁ ኖሮ ይህ ዘር መኖሩንም ባላወቅን ነበር። ስለዚህ ባለቤትዎም እርስዎም የያዛችሁት ከፊል እውነት ነው። ዛሬ አንበሳ በአንድነት ፓርክም ይታያል። የትም ብትሄዱ ግን ልጁን ይዘው ከመቆም ይልቅ አንድ ሥራ ይስጡት፤ አንበሳው በአንድ መስመር እየተመላለሰ ያለ ዕረፍት ይራመዳል ወይስ ተኝቶ ያርፋል? ከሰው ዓይን የሚሸሸግበት ጥግ አለው? ሰዎች ይወረውሩበታል ወይ? አንድ መስመር ላይ መመላለስ እንስሳው የሚሠራው አጥቶ አእምሮው የደከመ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ ከእኛ ቀድሞ ያስተውለዋል። እንስሳ በትእዛዝ ትርኢት የሚያሳይበት ቦታ ከሆነ ግን ገንዘብዎን ይያዙ። ከ1980ዎቹ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ወዲህ የተስፋፋው የእኛው ሰርከስ እንኳ ልጆች በገዛ ሰውነታቸው የሚገለባበጡበት እንጂ እንስሳ የሚገረፍበት አይደለም። በአሜሪካ ስመ ጥር የነበረው ትልቁ ሰርከስ ዝሆኖቹን እ.ኤ.አ. በ2016 ካሰናበተ በኋላ በዓመቱ ተዘግቶ፣ በ2023 ያለ ምንም እንስሳ ተመልሶ ተከፍቷል፤ እኛ ከመነሻው የያዝነውን ነገር እነርሱ ዞረው ደረሱበት ማለት ነው።

እኔ ግን አባት ብሆን፣ ደግሞም ነኝ፣ ልደቱን ደብረ ሊባኖስ አከብረው ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከአገራችን በቀር በዓለም ላይ በየትም የማይገኘውን ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ታዩታላችሁ። ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጡና ቁጭ ብለው እየተንፏቀቁ ሣር ይነጫሉ፤ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይታያል። አንበሳ አይደሉም፤ ልጁም መጀመሪያ ላይ ቅር ሊለው ይችላል። ነገር ግን ማንም አላሰራቸውም፤ ሲሰለቻቸው ወደ ገደሉ ይወርዳሉ፣ እናንተም ለዛሬ በቃችሁ የምትባሉት በእነርሱ ነው። በሐረር ጅብ የሚያበሉትን ሳይ ደስ የሚለኝም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጅቡ መጥቶ የሚሄደው በራሱ ፈቃድ ነው። ሆኖም ለጭላዳዎቹ ዳቦና ሙዝ አትስጡ፤ ከሰው መቀበል የለመደ ጭላዳ የገበሬውን ማሳም ይደፍራልና ውሎ አድሮ በድንጋይ ይባረራል። ኬኩን ከመኪናው ውስጥ ብሉት፣ መስኮቱንም ዝጉ፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ተነሡ።